የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሌዘር በእጅ ቀዶ ሕክምና

ጥያቄ፦ እጄ ሌሊት ይደነዝዛል፤ ተመርምሬ ካርፓል ተነል ነው ተብያለሁ። ቀዶ ሕክምናው በሌዘር ከሆነ ደም አይፈስም፣ ነርቭም አይነካም ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ነርቭ አይነካም የሚለውን አይመኑ። በመዳፍዎ ሥር ባለው ጠባብ መተላለፊያ (ካርፓል ተነል) ሚዲያን የሚባለው የእጅ ነርቭና ጣቶችን የሚያጥፉ 9 ጅማቶች ተጣበው ያልፋሉ። ሕክምናው ከላይ የተጫናቸውን አግዳሚ ጅማት ከዳር እስከ ዳር መሰንጠቅ ነው። ነርቩ ከዚሁ ጅማት ሥር ስለሚገኝ ቢላ ሊቆርጠው እንደሚችል ሁሉ ሌዘርም ሊያቃጥለው ይችላል። ፕሮቲን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ይበላሻል፤ ሙቀቱም ከተቆረጠው ጠርዝ አልፎ ይሰርጻል። ደሙንም ቢሆን ብዙ ጊዜ ክንድ ላይ የሚታሰረው ቱርኒኬት ስለሚያግደው ሌዘሩ እዚህ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመሙ እንዳለ የሚቀርበት አንዱ ዋና ምክንያት ጅማቱ ሙሉ በሙሉ አለመሰንጠቁ ነው። ስለዚህ ሐኪምዎን ስለ መሣሪያው ሳይሆን እነዚህን ይጠይቁ፦ ጅማቱ እስከ መጨረሻው መሰንጠቁን በምን ያረጋግጣሉ? በኢንዶስኮፕ (በትንሽ ቀዳዳ በሚገባ ካሜራ) ጥርት ብሎ ካልታየዎትስ ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና ይዛወራሉ?

ጥያቄ፦ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። በእጅ አንጓ አርትሮስኮፒ (በካሜራ በሚሠራ የመጋጠሚያ ቀዶ ሕክምና) ላይ የሆልሚየም ሌዘሩ በመሃል ይደክማል፤ ኃይሉ ሲጨመር ደግሞ ሕብረ ሕዋሱ ይጠቁራል። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ኃይል ከመጨመር በፊት ጫፉ ከሕብረ ሕዋሱ ያለውን ርቀትና ጨረሩን የሚያደርሰውን ቀጭን ገመድ (ፋይበሩን) ይዩ። የሆልሚየም ጨረር የሞገድ ርዝመት 2,100 ናኖሜትር ነው፤ ውኃ በ0.4 ሚሊሜትር ገደማ ውስጥ ይውጠዋል። ጨረሩ ሳላይን (መጋጠሚያውን የሚሞላው የጨው ውኃ) ውስጥ የሚያልፈው እያንዳንዱ የሌዘር ምት በፋይበሩ ጫፍ ላይ በሚፈጥረው የእንፋሎት አረፋ በኩል ስለሆነ፣ ጫፉ ትንሽ ከራቀ ጉልበቱ ውኃው ውስጥ ይቀራል።

ርቀቱ ትክክል ከሆነ መሣሪያውን ስታንድባይ ላይ አድርገው ፋይበሩን ያውጡና ቀዩን የማነጣጠሪያ ብርሃን ነጭ የቁስል መሸፈኛ ጨርቅ ላይ ያብሩት። ክቡ ሙሉና እኩል ደማቅ መሆን አለበት። ከተሸራረፈ ወይም ከደበዘዘ ጫፉ ተቃጥሏል፤ አምራቹ የሚፈቅድ ከሆነ ጫፉ እንደገና ይቆረጣል። ብርሃኑ በፋይበሩ ጎን ላይ ከወጣ ግን ውስጡ ተሰብሯልና ይጣል።

መጥቆሩ ሌላ ነገር ነው። ዋት ማለት ጁል በሴኮንድ ምት ብዛት ሲባዛ ነው። 1 ጁል በሴኮንድ በ15 ምት 15 ዋት ይሰጣል፤ 0.5 ጁል በ30 ምትም እንዲሁ። ሥራቸው ግን አንድ አይደለም፦ ምቱ ሲበዛ ሕብረ ሕዋሱ መቀዝቀዣ ጊዜ ያጣል፣ የጠቆረውም ቦታ ተጨማሪ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ ምቱን ይቀንሱ፤ የሳላይኑ መውጫ አለመደፈኑንም ያረጋግጡ፤ መጋጠሚያው ትንሽ ስለሆነ ውኃው ቶሎ ይሞቃል።

መነጽርም አይቀላቀል። ሌላው የሌዘር ዓይነት፣ የ1,064 ናኖሜትሩ ኤንዲ ያግ፣ ዓይን ውስጥ ዘልቆ ሬቲናን (የዓይንን የኋላ ሽፋን) ሲጎዳ፣ ሆልሚየም የዓይኑን የፊት ሽፋን (ኮርኒያ) ያቃጥላል። የአንዱ መነጽር ለሌላው ላይከላከል ስለሚችል፣ የተጻፈበት የሞገድ ርዝመት ከመሣሪያው ጋር መግጠም አለበት።

ጥያቄ፦ የእጅ ኪንታሮት በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ሲነሳ ጢሱ ያሰጋል?

መልስ፦ አዎ። በጢሱ ውስጥ የኪንታሮቱ ቫይረስ ዲ ኤን ኤ ተገኝቷል። የጢስ መሳቢያው አፍ ከሚቃጠለው ቦታ ከ5 ሴንቲሜትር አይራቅ፤ ተራው የቀዶ ሕክምና ጭምብልም ስለማይበቃ ኤን 95 የሚባለው ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል ይደረግ።