ለመመረቂያ ጽሑፍ ከፍሎ ማሠራት

የማስተርስ መመረቂያ ጽሑፌን ለሰው ከፍዬ ላሠራው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። አትክፈል። ቀን ቢሮ፣ ማታ ማስተርስ፣ ዕድገቱ ደግሞ ዲግሪውን ይጠብቃል፤ ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን ጥያቄህን ሳነበው ያሰረህ የጊዜ እጥረት ብቻ አይደለም። ርዕስህ ሰፍቷል። «የሠራተኞች ተነሳሽነት በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች» ለብቻህ የምትጨርሰው አይደለም።

1. ወደ ራስህ ጠረጴዛ አጥብበው። ግዥ ክፍል ነኝ ብለሃል። አንድ የግዥ ጥያቄ ከገባበት ቀን ጀምሮ ዕቃው ስቶር እስኪደርስ የት የት እንደሚቆም አጥና። ማንም የመመረቂያ ጽሑፍ ሻጭ ይህንን ካንተ በላይ አያውቀውም።

2. የግዥ ፋይሎቹን ለመጠቀም ከኃላፊህ በደብዳቤ አስፈቅድ።

3. ሁለት ገጽ ጽፈህ የርዕስ ለውጡን አማካሪህን ጠይቅ። ምዕራፍ እስኪያልቅ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ግን ልንገርህ። እነዚህ ሻጮች «አዲስ ነው» ቢሉህም፣ ለባንክ ጥናት የተዘጋጀ መጠይቅ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ስም ብቻ ቀይረው ሲሰጡ አይቻለሁ። አንዱ የማውቀው ልጅ ዲፌንስ ላይ (ጽሑፉን ፈታኞች ፊት ሲያቀርብ) «ናሙናውን እንዴት መረጥክ?» ሲባል ላብ አጠመቀው። ዘዴው ምን እንደሚባል እንኳ አላነበበውም ነበር።

ዲፌንሱ ቢታለፍም ነገሩ አይሞትም። የቀድሞው የጀርመን መከላከያ ሚኒስትር ካርል ቴዎዶር ሱ ጉተንበርግ በ2007 እ.ኤ.አ. ያገኘው ዶክትሬት ከሰው የተገለበጠ ሆኖ ተገኝቶ ተነጠቀ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ሥልጣኑንም ለቀቀ።

እንግሊዝኛውን ለሚያርምልህ ሰው መክፈል ግን ሌላ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ አማካሪህን ጠይቀው።