አሸንድዬ ስትጨፍር የተነካችው ልጅ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ላሊበላ ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም ሲፈታ በሚከበረው የአሸንድዬ በዓል ልጃገረዶች ከበሮ ይዘው ሲጨፍሩ፣ የ20 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አንዷ ወገቧ ላይ ያሰረችውን አሸንድዬ የተባለ ሣር እየጎተተ አስለቀሳት። ስቆጣው «አጊጣ አደባባይ የወጣችው እሷ፤ ደግሞስ ጨዋታ አይደል?» አለኝ። ይህ በእምነታችን እንዴት ይታያል?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ነገሩን በቸልታ ባለማለፍዎ እግዚአብሔር ይስጥልን። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ቁጥር 28 ሴትን በምኞት የሚያይ በልቡ እንዳመነዘረ ሲያስተምር፣ ስለ ሴቲቱ አለባበስ በዚያ ቦታ አንድም ቃል አልተናገረም፤ ቀጥሎም ይውጣ ያለው የተመልካቹን ዓይን ነው። ዐይን እንዲህ ከተጠየቀ እጅማ እንዴት ይለቀቃል? ሐዋርያው ጳውሎስ ሴቶች በልከኛ ልብስ እንዲሸለሙ መምከሩን የሚያነሡልኝ ወጣቶች አሉ፤ ምክሩ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለሴቶች የተነገረ ምክር ለማንም ወንድ የመንካት ፈቃድ አይሆንም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ቀኑ ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 የእመቤታችንን ፍልሰታ ጾሞ፣ ምናልባትም ቅዳሴ አስቀድሶ የሰነበተ ልጅ፣ በዓሏን ለማክበር የወጣችን ልጃገረድ ማስለቀሱ ጾሙን ምን አደረገው?

እርስዎ ግን መቆጣት ብቻ አይበቃዎትም። በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 የንጉሥ ዳዊት ልጅ አምኖን የአባቱን ልጅ ትዕማርን በግፍ ሲደፍራት ወንድሟ አቤሴሎም ዝም እንድትል ነገራት፤ አባቷ ዳዊትም እጅግ ተቆጣ፤ ከቁጣው በኋላ ግን ለትዕማር ያደረገላት ነገር አልተጻፈም። ከሁለት ዓመት በኋላ አቤሴሎም አምኖንን አስገደለ። የልጅዎ ጥፋት ከአምኖን ጋር አይተካከልም፤ ዝምታው ግን በእኛም ሀገር «ስሟ እንዳይጠፋ» እየተባለ የሚደጋገም ነው።

ስለዚህ ልጅዎ ለንስሐ አባቱ ይናዘዝ። ከዚያም የልጅቷን ወላጆች አስፈቅደው ይቅርታ ያስጠይቁት፤ «ላየው አልፈልግም» ካለች ግን ሽማግሌ ልከው አያስጨንቋት። በሚመጣው ነሐሴ ጓደኞቹ እጃቸውን ሲዘረጉ ቢያይ ቀድሞ «ተው!» እንዲላቸው ከአሁኑ ቃል ያስገቡት።