ስለ ኾሮግ ጠይቁ፦ ወደ ፓሚር ለሚያስቡ ጥያቄና መልስ

ኾሮግ በታጂኪስታን፣ በፓሚር ተራሮች ውስጥ የሚገኘው የጎርኖ ባዳኽሻን ራስ ገዝ ክልል ዋና ከተማ ናት። የጉንት ወንዝ ከፓንጅ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ተቀምጣለች፤ ከፓንጅ ማዶ አፍጋኒስታን ነው። ክልሉ ከአገሪቱ ስፋት ግማሽ ያህሉን ቢይዝም ነዋሪው ጥቂት ነው። የተጠየቁትንና የተመለሱትን እነሆ።

ጥያቄ፦ የታጂኪስታን ቪዛ ካለኝ አይበቃኝም?

መልስ፦ አይበቃም። ለባዳኽሻን የተለየ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቪዛውን በኢንተርኔት ሲያመለክቱ ቅጹ ላይ ፈቃዱን የምትጠይቅ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ኋላ በአገሪቱ ዋና ከተማ ዱሻንቤ ላይ ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተቱት እሷን ሳይነኩ ያለፉ ሰዎች ናቸው። ያለ ቪዛ የሚያስገባ ፓስፖርት የያዛችሁም ፈቃዱን ለብቻው ማውጣት አለባችሁ። ወረቀቱ ላይ ወረዳዎቹ በስም ይዘረዘራሉ፦ ዳርቮዝ፣ ቫንጅ፣ ሩሻን፣ ሹግናን፣ ሮሽትቀላ፣ ኢሽካሺም፣ ሙርጋብ። እጃችሁ እንደገባ አንብቡት፤ ስሙ የሌለ ወረዳ ኬላ ላይ ይመልሳችኋል። ፓስፖርቱን፣ ቪዛውንና ፈቃዱን አራት አምስት ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። በየኬላው ወታደሩ ስማችሁን በእጁ ደብተር ላይ ስለሚገለብጥ፣ ኮፒ መስጠት መኪናውን ሙሉ ሰው ከመጠበቅ ያድናል።

አንድ ነገር ልጨምር። በኅዳር 2021 እና በግንቦት 2022 እ.ኤ.አ. ኾሮግ ውስጥ ከባድ ግጭት ነበር፤ ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጧል። እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ ፈቃድ መስጠት ይቆማል። ስለዚህ መጀመሪያ ፈቃዱ፣ ከዚያ የአውሮፕላን ትኬቱ።

ጥያቄ፦ ከዱሻንቤ በመኪና ነው በአውሮፕላን?

መልስ፦ ትንሿ አውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ታደርሳለች፤ ነገር ግን ከተራሮቹ ጫፍ በታች በሸለቆ ውስጥ የምትበር ስለሆነች ሰማዩ ካልጠራ አትነሳም። በረራው ራሱም አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ይቋረጣል። በእሷ ቆርጦ ቀጠሮ መያዝ አይገባም።

የቀረው መንገዱ ነው፤ የኾሮግ ጣጣም ያለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት አቅጣጫ አለ። ሰሜናዊው በታቪልዳራ አድርጎ 3,252 ሜትር ከፍታ ያለውን የኻቡራቦት የተራራ ማለፊያ ያቋርጣል፤ አጭር ነው፣ ግን በረዶ ሲጥል ይዘጋል። ደቡባዊው በኩሎብ ዞሮ ይመጣል፤ ይረዝማል፣ ክረምት ከበጋ ያስኬዳል። ሁለቱ ቃላይ ኹምብ የምትባል ከተማ ላይ ይገናኙና ከዚያ በኋላ 240 ኪሎ ሜትር ያህል ፓንጅን ተጠግቶ መውጣት ነው። ሁሉ ነገር ከተሳካ ከ13 እስከ 18 ሰዓት ይፈጃል። የሚያቆመው በአብዛኛው ናዳ፣ ጎርፍ ወይም የመንገድ ሥራ ነው፤ የሚሠራበት ቦታ ላይ መኪና የሚያልፈው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው።

የጋራ መኪኖቹ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል ናቸው፤ ሰው ሲሞላ ይነሳሉ። ማልደው ካልደረሱ የሚተርፈው የኋላ ወንበር ነው፤ በዚያ መንገድ ደግሞ የኋላ ወንበር ቅጣት ነው። ሾፌሩ «በስድስት ሰዓት» ካለ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ማለቱ ነው፤ በዚህ ብቻ መኪና ያመለጠው አበሻ አይጠፋም። ወደ ኾሮግ ሲወጡ ወንዙ በቀኝ ነው። አፍጋኒስታንን ማየት የሚፈልግ ቀኝ ይያዝ፣ ገደል የሚያስፈራው ግራ። አቅም ካለ ቃላይ ኹምብ አድሮ መንገዱን ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ በጨለማ ያንን መንገድ መንዳት ለሾፌሩም አይመከርም።

ጥያቄ፦ ለሽንት ወርደን ወንዙ ዳር ብንሄድስ?

መልስ፦ በፍጹም! በታጂክ በኩል ባለው የፓንጅ ዳርቻ፣ በተለይ ዳርቮዝ አካባቢ፣ ያልተነሳ ፈንጂ አለ። ከአስፋልቱ ወይም ከመኪና ጎማ ዱካ አትውጡ። ወታደርና ድልድይም ፎቶ አታንሱ።

ጥያቄ፦ ከፍታው ያሳምማል ይባላል። እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው።

መልስ፦ እንግዲያው ስለ ኾሮግ አትጨነቅ ወንድሜ። ኾሮግ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ትበልጣታለች። ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን የሚመጣ ሰው ግን የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብሎ ይራመድ።

ከኾሮግ ወደ ምሥራቅ ሙርጋብ ለመሄድ ካሰብክ ነገሩ ይለወጣል። 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመሃሉ 4,272 ሜትር የሚደርሰው የኮይቴዜክ ማለፊያ አለ፤ ሙርጋብ ራሷ 3,600 ሜትር አካባቢ ናት። ከሙርጋብ አልፎ ያለው የአቅ ባይታል ማለፊያ 4,655 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሸን ጫፍ ይበልጣል። ሰው የሚታመመው ማለፊያውን በመሻገሩ ሳይሆን ሰውነቱ ሳይለምድ ከፍ ብሎ በማደሩ ነው። ከኾሮግ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጄሎንዲ የምትባል ፍል ውሃ ያላት መንደር አለች፤ እዚያ አንድ ሌሊት ማደር የከፍታውን ልዩነት ያጠብበዋል። ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ዕረፍትና ውሃ ነው። ትውከት፣ መንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ እንጂ ሌላ መድኃኒት መጠበቅ የለም።

ጥያቄ፦ ሳሬዝ ሐይቅ ከፈረሰ ኾሮግን ጠርጎ ይወስዳታል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በ1911 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ተራራ ንዶ የሙርጋብን ወንዝ ዘጋ፤ ከ500 ሜትር በላይ ቁመት ያለው የኡሶይ የተፈጥሮ ግድብ የተፈጠረው፣ ሐይቁም የተጠራቀመው ያኔ ነው። ውሃው የሚወርደው ግን በባርታንግ ሸለቆ ነው፤ ባርታንግ ደግሞ ፓንጅን የሚቀላቀለው ሩሻን አካባቢ፣ ማለትም ከኾሮግ በታች ነው። ሥጋቱ ለባርታንግና ከዚያ በታች ላሉት መንደሮች ነው።

ለኾሮግ የሚያሳስበው ቅርቡ ነው። በሐምሌ 2015 እ.ኤ.አ. ከከተማዋ በላይ ባለችው ባርሴም መንደር ላይ ከጎን ሸለቆ የመጣ የጭቃና የድንጋይ ጎርፍ ጉንትን ዘግቶ ሐይቅ ሠራ፣ ቤቶችን ቀበረ፣ የፓሚርን አውራ ጎዳናና የመብራት መስመሩን ቆረጠ። ምክንያቱ ከባድ ሙቀት በረዶውን በፍጥነት ማቅለጡ ነበር። ስለዚህ ሐምሌ ላይ ብዙ ቀን ተከታትሎ ከሞቀ፣ ከጎን ሸለቆ አፍ ላይ ድንኳን አትትከሉ። ቦታው በዓይን ይታወቃል፤ ድንጋዩ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ይታያል።

ጥያቄ፦ ጾመኛ ነኝ፤ ምን እበላለሁ?

መልስ፦ ሥጋው ሳይሆን ወተቱና ቅቤው ነው የሚያስቸግርሽ እህቴ። የጠዋቱ ምግብ ሺር ቾይ ነው፦ ሻይ በወተት፣ በጨውና በቅቤ፣ ዳቦ ተቆርሶበት። ቡናን በጨውና በቅቤ ለሚጠጣ አገር ሰው አይገርምም፤ ለጾም ግን አይሆንም። ዳቦ፣ የደረቀ አፕሪኮት፣ ለውዝና የደረቀ እንጆሪ ዛፍ ፍሬ (ቱት ይሉታል፤ ፈጭተው ዱቄት ያደርጉታል) ሁሌም ይገኛል። ሾርባ ሲቀርብ በእንስሳ ስብ መሠራቱን ጠይቂ። ለቡናሽ አገርሽ የቆላሽውን ይዘሽ ሂጂ፤ እዚያ ሻይ ነው።

ጥያቄ፦ በምን ቋንቋ ልናገር?

መልስ፦ በቤት ሹግኒ፣ በትምህርት ቤትና በቢሮ ታጂክ፤ ሩሲያኛም ብዙ ሰው ይችላል። ሹግኒ የታጂክ ቀበሌኛ አይደለም፤ ዘመዳሞች ቢሆኑም ሳይማሩ አይግባቡም። በታጂክ «ራህማት» ብሎ ማመስገን፣ «ኖን» ዳቦ፣ «ኦብ» ውሃ፣ ለመነሻ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የፓሚር ቤት ውስጥ እንግዳ ስሆን ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ጫማ በር ላይ ይቀራል። የቤቱን አምስት ምሰሶዎች እንደ ጌጥ አትያቸው፤ ሕዝቡ እስማኢሊ (የሺዓ እስልምና አንዱ ክፍል) ነው፣ ምሰሶዎቹም ለመሐመድ፣ ለዓሊ፣ ለፋጢማ፣ ለሐሰንና ለሑሴን ይቆማሉ። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ላይ እየጠበበ የተደራረበው ባለ አራት እርከን መስኮት መሬትን፣ ውሃን፣ ነፋስንና እሳትን ያመለክታል። ገንዘብ ሲሰጡ አይቀበሉም ይሆናል፤ ከመውጣትዎ በፊት ለቤቱ እመቤት ወይም ለልጆቹ ማስቀመጥ የተለመደ ነው።

ጥያቄ፦ ባንክና መብራትስ?

መልስ፦ ኾሮግ ውስጥ የገንዘብ ማሽን አለ፤ ከከተማው ከወጡ አይተማመኑበት፣ የአገሪቱን ገንዘብ ሶሞኒን በጥሬው ይያዙ። ዶላር ከሆነ ያልታጠፈና አዲስ። መብራቱ ከጉንት ውሃ ስለሚመነጭ በብርዱ ወራት ከብዙ የአገሪቱ ገጠር ይሻላል። 220 ቮልት ነው፤ የአገር ቤት ባለ ሁለት ክብ ጥርስ ሶኬት ይገባል።

ጥያቄ፦ የዕፅዋት ተማሪ ነኝ፤ የሚታይ ነገር አለ?

መልስ፦ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ከጉንት በላይ ባለ አምባ ላይ፣ በ1940 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የፓሚር ዕፅዋት ማዕከል አለ። በእግር ከመውጣት በመኪና ወጥቶ በእግር መውረድ ይሻላል። ለእኛ አንድ ተጨማሪ ነገር አለው፦ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1916 እ.ኤ.አ. በፓሚር፣ በ1927 ደግሞ በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ የእህል ዘር ሰብስቧል። የፓሚርን የደጋ ገብስ ለማየት ከፈለግህ አዝመራው ሳይታጨድ ሂድ።