ቫይረሱ ጠፋ፣ ጉበቱስ? ከሄፓታይተስ ሲ ለዳኑ ጥያቄና መልስ

ዶ/ር፦ የዛሬው ጥያቄና መልስ መድኃኒታቸውን ጨርሰው ለዳኑ ነው። ዳነ የምንለው የመጨረሻው ክኒን ከተዋጠ 12 ሳምንት ቆይቶ ቫይረሱ ደም ውስጥ ሲታጣ ነው። ጠይቁ።

ሄለን፦ ዶክተር፣ ድነሻል ከተባልኩ ዓመት አለፈኝ። ሰሞኑን ደም ስመረመር "ፖዘቲቭ" አሉኝ። ተመለሰብኝ እንዴ?

ዶ/ር፦ አትደንግጪ። ያዩልሽ አንቲቦዲ (ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሠራው ፕሮቲን) ከሆነ ከዳንሽም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ጊዜም ዕድሜ ልክ ይቆያል። ቫይረሱ መኖሩን የሚለየው የአርኤንኤ (የራሱን የቫይረሱን ዘረመል የሚፈልግ) ምርመራ ነው፤ እሱን አሠሪ። የዳንሽበትን ውጤት ፎቶ አንስተሽ ስልክሽ ላይ ያዢው።

ሰለሞን፦ ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ መሞላት) ነበረብኝ። ፋይብሮስካኔ ከ19 ወደ 9 ወርዷል። አልትራሳውንዱን ላቁም?

ዶ/ር፦ በፍጹም! ፋይብሮስካን የሚባለው መሣሪያ የሚለካው ጉበት ምን ያህል እንደጠጠረ ነው። ጉበት የሚጠጥረው በጠባሳም በመቆጣትም ነው። ቫይረሱ ሲጠፋ መቆጣቱ ቶሎ ይበርዳል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ጠባሳው ግን ዓመታት ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ላይ ይቀንሳል፣ አንዳንዱ ላይ ባለበት ይቀራል። የካንሰር ስጋቱም በጣም ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስለዚህ ከሕክምናው በፊት ሲሮሲስ የነበረበት ሰው በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሣል። ዕጢው 2 ሴንቲሜትር ሳለ ከተገኘ ቆርጦ ማውጣት ወይም ማቃጠል ይቻላል። "ድኛለሁ" ብሎ ጠፍቶ ሆዱ ሲነፋ የሚመጣ ሰው ያንገበግበኛል።

ትዕግሥት፦ የኔ ሐኪም ኤፍ3ም (ከሲሮሲስ በፊት ያለው የጠባሳ ደረጃ) ክትትል ያስፈልገዋል ብሎኛል።

ዮናስ፦ የኔ ደግሞ ለሲሮሲስ ብቻ ነው አለኝ። ሰው ባታስፈራሪ?

ትዕግሥት፦ አባቴን በጉበት ካንሰር ያጣሁ ሰው ነኝ። ለማስፈራራት አይደለም።

ዮናስ፦ ነፍስ ይማር። ቢሆንም ሁሉም በየ6 ወሩ ይመላለስ ማለት ይከብዳል።

ዶ/ር፦ ሁሉም አላልኩም። መመሪያዎች በኤፍ3 ላይ አይስማሙም፤ ያንን ከየሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። በሲሮሲስ ላይ ግን ክርክር የለም። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

አቤል፦ አንዴ ስለዳንኩ ድጋሚ አይዘኝም አይደል?

ዶ/ር፦ ይይዝሃል። አንቲቦዲው አይከላከልም፣ ክትባትም የለውም። መርፌና ምላጭ ከማንም ጋር አትጋራ።

ሳራ፦ ጉበት የሚያጸዳ ዕፅ ይኖራል?

ዶ/ር፦ የለም። ጉበት የሚጎዳ ግን ሞልቷል።

ቢንያም፦ ጉበቴ አሁን እንዴት ነው?

ዶ/ር፦ በምን ልወቀው? ከሕክምናው በፊት ስንተኛ ደረጃ ላይ ነበርክ? ፕሌትሌትህ (ደም የሚያረጋው የደም ሕዋስ) ስንት ነው? ትጠጣለህ? ስኳር አለብህ? ቫይረሱ ቢጠፋም አልኮልና የጉበት ስብ ጉዳቱን ይቀጥላሉ። እነዚህን ይዘህ ተመለስ።

መሠረት፦ እናቴ ሲሮሲስ ነበረባቸው። አሁን የጉበት ኢንዛይማቸው ኖርማል ሆኗል። አልትራሳውንዱ ይቅርባቸው?

ዶ/ር፦ ከላይ ጽፌዋለሁ፣ እባካችሁ አንብቡ! ኢንዛይም ኖርማል ሆኖም ዕጢ ሊኖር ይችላል። በየ6 ወሩ። መጨረሻ የተነሡት መቼ ነው?

መሠረት፦ ዓመት ከምናምን ሆናቸው።

ዶ/ር፦ እንግዲያው ቀጠሮ አትጠብቂ። የድሮ ውጤታቸውን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ውሰጃቸው።