ኩፍኝ ይውጣላት ወይስ ትከተብ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ የምኖረው አዘዞ ነው። ልጄ 9 ወር ሞላት። አማቴ «ኩፍኝ ወጥቶላት የዳነች ልጅ ዕድሜ ልኳን አይደግማትም፤ የመርፌው ግን አያስተማምንም» ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ አማትሽ ግማሹን በትክክል ያውቃሉ። ኩፍኝ ታሞ የዳነ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው የኩፍኝ ፀረ እንግዳ አካል (ሰውነት በሽታውን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን) መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከተከተበው ሰው ይበልጣል። የዘነጉት የሚከፈለውን ዋጋ ነው፤ ሞቱንና የሳንባ ምቹን ለጊዜው እንተወውና። ቫይረሱ ያለፉ በሽታዎችን የሚያስታውሱትን የመከላከያ ሕዋሳት ያጠፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ያልተከተቡ ልጆች ከኩፍኝ በኋላ ለሌሎች ተሕዋስያን ከነበሯቸው ፀረ እንግዳ አካላት ከ11 እስከ 73 በመቶ ያህሉን እንዳጡ አሳይቷል። አንድ ቁና ጤፍ ለማግኘት ጎተራ ማቃጠል ይሉሻል ይህ ነው!

ክትባቱ የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ እንዲህ ያለ ጥፋት አያደርስም። በ9 ወር ከእናት የተወረሰ ፀረ እንግዳ አካል በአንዳንድ ሕፃናት ላይ ሥራውን ሊያደናቅፍ ይችላል፤ በ15 ወር የሚደገመውም ለዚህ ነው። ሁለቱን የወሰዱ ልጆች ከመቶ 97 ያህሉ ይጠበቃሉ። ካርዷን ይዘሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ከሳምንት በኋላ መጠነኛ ትኩሳት ወይም ሽፍታ ቢታይባት አትደንግጪ። አማትሽም አብረው ቢመጡ ደስ ይለኛል።