ሌሊት ደረጃ የሚወጣው ማነው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአያቴ በወረስኩት አሮጌ ቤት ብቻዬን መኖር ከጀመርኩ አራት ወር ሆነኝ። ሌሊት መብራት አጥፍቼ ጋደም ስል በእንጨቱ ደረጃ ሰው ሲወጣ ይሰማኛል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ጸጥ። ጣሪያውም ቋ ይላል። በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፤ ግን ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዬ ስቤ አራተኛውን ኮቴ ስጠብቅ ይነጋል። ብርዱ ስለማይቻል መስኮት ዘግቼ፣ የአያቴን የጋዝ ማሞቂያ አብርቼ ነው የማድረው። እንቅልፍ ስለማጣ ነው መሰለኝ፣ ጠዋት ጠዋት ራሴን ይፈልጠኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ልጄ፣ ያን አራተኛ ኮቴ መጠበቅ አውቀዋለሁ። አናጢነት በጀመርኩ ሰሞን፣ የማድሰው ቤት ውስጥ ዕቃ ልጠብቅ ብዬ ብቻዬን አድሬ፣ መዶሻ ታቅፌ ነው ያነጋሁት። (አሁን ሲወራ ያስቃል፤ ያን ሌሊት ግን አልሳቅሁም።) ሲነጋ ደረጃውን ፈታሁት። ያገኘሁት የላላ ምስማር ነው።

ቀን የሞቀ ቤት ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። 6 ሜትር የብረት ቆርቆሮ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲወርድ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ያጥራል። ምስማሩ አልለቅም ብሎ ይዞት ይቆይና በድንገት ይሸነፋል፦ ቋ! እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የደረጃሽ ጣውላዎችም በየተራ ይላቀቃሉ። ጉዱ ያለው በየተራ መሆኑ ላይ ነው። ጆሮ ሦስት ድምፅ ተከታትሎ ከሰማ እግር ያበጅለታል። ቀንም እኮ ይጮሃል፤ የውጭው ጫጫታ ይውጠዋል እንጂ።

ካላመንሽኝ ከራስጌሽ ወረቀትና እርሳስ አኑሪና ለሳምንት ሰዓቱን መዝግቢ። ፀሐይ ሲያቃጥል በዋለበት ሌሊት ይበዛል፣ ደመና በዋለበት ይቀንሳል። የሚጮኸውን ጣውላ በምስማር ላይ ምስማር አትደራርቢበት፤ በብሎን ይጥበቅ፣ የሚፋተግበት ቦታ የሻማ ሰም ይቀባ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ኮቴው አይደለም፤ መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ ጣል ያደረግሻት ራስ ምታት ናት። እ.ኤ.አ. በ1921 በአንድ የአሜሪካ የዓይን ሕክምና መጽሔት ላይ ታሪኩ የወጣ ቤተሰብ ነበር። ኮቴ ይሰማሉ፣ ሰው የሚያያቸው ይመስላቸዋል፣ ራሳቸውን ያማቸዋል። ጥፋተኛው የተበላሸ ማሞቂያ ሆኖ ተገኘ፤ የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ነበር። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፣ በተኛሽበት ይገድላል። ማሞቂያውን አሁኑኑ አጥፊ፣ መስኮቱን ክፈቺ፣ ባለሙያ ሳያየው እንዳታበሪው። ሐኪም ዘንድ ሂጂና ስለ ራስ ምታቱ ስትነግሪ ስለ ማሞቂያውም አትርሺ።

ደረጃው ይቆይ።