የድሮ ፖስት ካርድ ወደተጻፈበት አድራሻ ልመልስ ወይ ላለችው እህታችን

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ ነው ያየሁት። በሁለት መስመር የሚመለስ ስላልሆነ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ። ላላነበባችሁት፦ እህታችን አዳማ ላይ ከቆራሌ አንድ ፌስታል የድሮ ፖስት ካርድ ገዝታለች። የሚበዛው ላይ "ናዝሬት" የሚል አድራሻ አለ፣ ጥቂቱ "አዋሳ" ይላል፣ ሁለቱ ደግሞ የጣልያን አገር አድራሻ አላቸው። "አዲስ ቴምብር ለጥፌ ወደተጻፈበት አድራሻ ብልካቸው ይደርሳሉ? ወይስ ከንቱ ልፋት ነው?" ነው ጥያቄዋ።

ልፋት አለው፣ ግን ከንቱ አይደለም። እኔ እዚሁ አዳማ ሆኜ ይህን ነገር ለዓመታት ሠርቼዋለሁ፣ አሁንም እሠራዋለሁ። የምመክርሽ አንድ ነገር ነው፦ ካርዱን ቀድመሽ አትላኪ። መጀመሪያ ሰውየውን ወይም ቤተሰቡን ፈልጊ፣ ፎቶውን አሳዪ፣ "ትፈልጉታላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። "አዎ" ሲሉሽ ካርዱ ይሄዳል።

ምክንያቱን ላስረዳሽ። የፈረንጅ አገር ካርድ ላይ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ይጻፋል፣ ፖስተኛው በር ድረስ ይሄዳል። ባለቤቱ ቢሞትም ቤቱ አለ፣ ቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው አለ፣ የላክሽው ነገር የሆነ ሰው እጅ ይገባል። የኛ ግን ሳጥን ነው። የፖስታ ሳጥን በኪራይ ነው የሚያዘው፤ ኪራዩ ካልተከፈለ ለሌላ ይሰጣል። በ1960ዎቹ የአንድ መምህር የነበረ ሳጥን ዛሬ የአስመጪ ድርጅት ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ የማያውቀው ሰው ካርድ ሲደርሰው ምን ያደርገዋል? ይጥለዋል። አለቀ፣ ጠፋ ማለት ነው።

በዚያ ላይ ያኔ የራሱ ሳጥን የነበረው ሰው ጥቂት ነው። ሌላው በሰው ሳጥን ነበር የሚጻፍለት። ካርዶችሽን ገልብጠሽ እያቸው፣ "በአቶ እገሌ በኩል ለእናቴ ለወይዘሮ እገሊት ይድረስ" የሚል አይጠፋም። ት/ቤት፣ ሆቴል፣ ወፍጮ ቤት፣ ፋብሪካ፣ ሁሉም የብዙ ሰው ሳጥን ነበር። ወንጂን ብቻ ውሰጂ። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ የስኳር ፋብሪካውን በ1946 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ በኋላ ስንት ሰው ነው እዚያ ሠርቶ ያለፈው! ለነዚያ ሠራተኞች የተጻፉ ካርዶች እጄ ገብተው ያውቃሉ፣ አድራሻቸው የድርጅቱ ስም ነው እንጂ የሰው ቤት አይደለም። ድርጅቱ ደግሞ በደርግ ጊዜ ተወርሷል። እንዲህ ያለውን ቴምብር ለጥፈሽ ብትልኪው ለማን ይደርሳል?

እና ሰው እንዴት ይገኛል? ፖስታ ቤት ሄደሽ "ይህ ሳጥን የማን ነው?" ብትዪ አይነግሩሽም፣ ልክም ናቸው። ለሳጥኑ አጭር ደብዳቤ መጻፍ ግን ትችያለሽ። ስልክሽን አስገቢበት። አንዳንዴ ሳጥኑ ከአባት ወደ ልጅ ተላልፎ ያው ቤተሰብ ጋ ሆኖ ይገኛል። ከፖስታ ቤት ይበልጥ የጠቀመኝ ግን ዕድር ነው። የሰፈር ዕድር ጸሐፊ የማያውቀው ሰው የለም። ማን የት ይኖር እንደነበር፣ ማን ቤቱን ሸጦ ወደ አዲስ አበባ እንደገባ፣ ማን እንደሞተና ልጁ የት እንዳገባች መዝገቡ ላይ ባይኖር እንኳ ጭንቅላታቸው ውስጥ አለ። ቀበሌ ስሙም ወሰኑም ስንት ጊዜ ተቀይሯል፤ ዕድር ግን ዕድር ነው።

አንዱን ልንገርሽ። ከላይፕሲግ የተላከ ካርድ ነበር፣ ምሥራቅ ጀርመን በነበረችበት ዘመን። ፊቱ ላይ ትልቁ የባቡር ጣቢያቸው አለ። ጀርባው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ጥቅጥቅ ተደርጎ፣ ቦታ ሲያልቅ ደግሞ በጠርዙ ዙሪያ ተጽፎበታል። "እማዬ፣ ብርዱን አትጠይቂኝ። ሽሮው ደርሶኛል፣ በርበሬው ግን አልደረሰም" ይላል። አድራሻው ናዝሬት፣ በአንድ ወፍጮ ቤት ባለቤት በኩል። ወፍጮ ቤቱ ፈርሶ ሕንፃ ቆሞበታል። የዚያን ሰፈር ዕድር ጸሐፊ ጠየቅኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ስሙን ሲያዩ "እንዴ፣ እኝህ ሴትዮ እኮ የኛ ናቸው" አሉኝ። እናትየው ካረፉ ቆይተዋል፣ ሴት ልጃቸው ግን ያው ግቢ ውስጥ ናቸው። ሄድኩ። ካርዱን ሳላወጣ መጀመሪያ የስልኬን ፎቶ አሳየኋቸው። ጽሑፉን ገና ሳያነቡ "የወንድሜ እጅ ነው" አሉ። ወዲያው ደወሉ። ወንድምየው አዲስ አበባ ጡረታ ላይ ናቸው። ከሁሉ በፊት የጠየቁት "በርበሬው ደረሰ ይላል ወይስ አልደረሰም?" ብለው ነው። አልደረሰም ሲባሉ ሳቁ፣ ከዚያ ዝም አሉ፣ ከዚያ ያ በርበሬ በመጨረሻ እንዴት እንደተገኘ ረጅም ታሪክ ነገሩን። ካርዱ ዛሬ እሳቸው ጋ ነው።

እንዲህ የሆነው ካርዱ በሰው እጅ ስለሄደ ነው። ሳጥን ውስጥ ቢጣል ኖሮ የት እንደሚደርስ አስቢው።

ሁሉም ግን ደስ አይለውም። ይህን ጠንቅቀሽ ያዢው። በቀይ ሽብር ጊዜ ልጃቸው የጠፋባቸው አንድ አባት ነበሩ። ልጁ ከድሬዳዋ የጻፈላቸው የእንቁጣጣሽ ካርድ ነበር፣ አደይ አበባ ያለበት፣ ሁለት መስመር ሰላምታ ብቻ። በሰው በኩል አስጠየቅኋቸው። "ካርዱ እዚያው ያገኘው ሰው ጋ ይቀመጥ፣ እኔ ማየት አልችልም" አሉ። ተቀምጧል። ስማቸው በፖስታ ላይ ተጽፎ እኔ ጋ አለ፤ እሳቸው ወይም ከቤተሰቡ ሌላ ሰው በፈለገ ቀን ይወስደዋል። ዝም ብዬ ልኬላቸው ቢሆን ኖሮ እኚያን አባት ያለ ፈቃዳቸው ሐዘን ላይ አስቀምጫቸው ነበር። በተለይ የ1969 እና የ1970 ካርድ ሲያጋጥምሽ በጣም ቀስ በይ።

ቀኑን በተመለከተ ደግሞ ተጠንቀቂ፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ካርዱ ላይ "12/4/70" ተጽፎ ብታገኚ የጻፈው የኛ ሰው ከሆነ ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 21 ቀን 1977። በፈረንጅ አቆጣጠር የጻፈ ሰው ከሆነ ግን ኤፕሪል 12 ቀን 1970 ነው፣ ያ ደግሞ በኛ ሚያዝያ 1962። መካከላቸው ሰባት ዓመት ከምናምን ነው፣ አንዱ የጃንሆይ ዘመን፣ አንዱ የደርግ። ይህን የሚለይልሽ ቴምብሩና ማኅተሙ ነው። ስለዚህ እባክሽ ቴምብሩን ነቅለሽ እንዳትወስጂ። ቴምብር ሰብሳቢዎች ጥጉን በመቀስ ቆርጠው የወሰዱበት ካርድ ሳይ ያንገበግበኛል፤ ዘመኑን አብረው ነው የሚወስዱት። የከተማ ስምም ይረዳል። ሐዋሳ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ "አዋሳ" የሚለው ካርድሽ ከዚያ ወዲህ ነው።

ወደ ሁለቱ የጣልያን ካርዶች ልምጣ። እስኪ መጀመሪያ ጀርባቸውን እይልኝ። ቴምብርና ማኅተም አላቸው? የጣልያን አድራሻ ያለው ካርድ ተልኮ ቢሆን ኖሮ ጣልያን ነበር የሚገኘው፣ አዳማ ቆራሌ ጋ ምን ይሠራል? ማኅተም ከሌላቸው ተጽፈው ሳይላኩ የቀሩ ናቸው ማለት ነው። እንዲያ ከሆነ ደግሞ መመለስ ሳይሆን ለመጀመሪያ ጊዜ መላክ ነው የሚሆነው። እኔ የአክስቴ ልጅ ሮም ስላለች፣ እሁድ እሁድ ፖርታ ፖርቴሴ ገበያ ስትወጣ ከኢትዮጵያ የተላኩ የወረራ ዘመን ካርዶች ታገኝልኛለች፤ ከነዚያ ነው የለመድኩት።

ጣልያኖቹ ያኔ ከዓመቱ ጎን በሮማውያን ቁጥር የፋሽስት ዘመን፣ ማለትም ፋሽስቶቹ ሥልጣን ከያዙ ስንተኛ ዓመት እንደሆነ፣ ይጽፉ ነበር። ዓመቱ የሚጀምረው በኦክቶበር መጨረሻ ነው። 14ኛው ዓመት ከኦክቶበር 1935 እስከ ኦክቶበር 1936 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ አበባ የገቡት ደግሞ ሜይ 5 ቀን 1936 ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተጻፈና 14ኛ ዓመት የሚል ወታደር ካርድ ካየሽ በእነዚያ ጥቂት ወራት ውስጥ የተጻፈ ነው። በወታደር ፖስታ ያለፉት ላይ የፖስታ ቤቱ ቁጥር ይታያል፣ ሳንሱር ያየው እንደሆነም ማኅተም ይኖረዋል።

አድራሻው ግን እንዳለ አይሠራም። ጣልያን የፖስታ ኮድ ያወጣችው በ1967 እ.ኤ.አ. ነው፣ የቆየ ካርድ ላይ አታገኚውም፤ ፈልገሽ መጨመር አለብሽ። የመንገድ ስምም ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ተቀይሯል። ሮም ላይ ያኔ ቪያ ዴል ኢምፔሮ ይባል የነበረው ትልቁ ጎዳና ዛሬ ቪያ ዴይ ፎሪ ኢምፔሪያሊ ነው። ከተማውም አገር ቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ፊዩሜ የሚል ካየሽ ዛሬ ክሮኤሺያ ውስጥ ያለችው ሪየካ ናት። የጀርመን ከሆነ ደግሞ በ1993 እ.ኤ.አ. የፖስታ ኮዳቸውን ሁሉ ባለ አምስት አሃዝ አድርገው ቀይረውታል፣ ባለ አራት አሃዙን እንዳለ አትገልብጪ። ቤቱን ካጣሽው ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ጻፊ። ጣልያን አገር የነዋሪ መዝገብ የሚይዘው ማዘጋጃ ቤቱ ነው፣ ትንንሽ ከተሞች ላይ ሰው ደብዳቤሽን አንብቦ የልጅ ልጅ ፈልጎ የሚመልስልሽ ይኖራል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልናገር። ከዚያ ዘመን ካርዶች መካከል እህቶቻችንን ራቁታቸውን አቁመው ያነሱባቸው አሉ። እነዚያን እኔ ለማንም አልልክም። ጀርባው ላይ ለእናት የተጻፈ የናፍቆት ቃል ቢኖር እንኳ የጽሑፉን ፎቶ ብቻ እልካለሁ፣ ፊቱን አላዞርም። ያቺ ሴት ማንም ፈቃዷን አልጠየቃትም።

አላላኩ ቀላል ነው። አዲስ ቴምብር ካርዱ ላይ አትለጥፊ፣ በእስክሪብቶም ምንም አትጻፊበት። ቴምብሩ የሚለጠፈው ፖስታው ላይ ነው። ካርዱን በሁለት ጠንከር ባለ ካርቶን መካከል አድርጊው፣ የራስሽን አድራሻ ጻፊ፣ በሪኮማንዴ (ተመዝግቦ በሚላክ ፖስታ) ላኪው። ለውጭ አገር የአገሩን ስም ከታች በትልቁ ጻፊ። ሰው ካላገኘሽ "ለአሁኑ የቤቱ ነዋሪ" ብለሽ በአገሩ ቋንቋ ጻፊበት፣ ግን ፎቶውን ነው የምትልኪው፣ ካርዱን አይደለም።

የምኒልክ ዘመን ካርድ ካገኘሽ ደግሞ ጨርሶ አትላኪ። ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1908 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የኛ ቴምብር ከጅቡቲ ወዲያ ስለማይሠራ የፈረንሳዮቹም አብሮ ይለጠፍበት ነበር። ሁለቱም ያለበት ካርድ የታሪክ ሰነድ ነው። አዲስ አበባ ዋና ፖስታ ቤት አጠገብ ያለው የፖስታ ሙዚየም ወስደሽ አሳዪው። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ለውጭ ለመላክ ካሰብሽ ቅርስ ባለሥልጣንን ሳትጠይቂ አንድ እርምጃ አትሂጂ።

በመጨረሻ፣ ለጥያቄሽ ያያያዝሽው ፎቶ ላይ የሦስት ሰዎች ሙሉ ስምና አድራሻ ይነበባል። እባክሽ አንሺው። የካርዱን ፊት ብቻ ለጥፊ፣ የከተማውን ስምና በግምት ዘመኑን ጻፊ፣ ጽሑፉን ግን አታሳዪ። "የአባቴ ነው" የሚል ሲመጣ ማን እንደጻፈው፣ በማን በኩል እንደተላከ ጠይቂው። እውነተኛው ቤተሰብ አንዱን ያውቀዋል። ያልሆነ ሰው መጥቶ ሊወስድ የሞከረበት ጊዜ አለ፣ ድሮ ካርድ አሁን ይሸጣል።

ከሦስቱ አንዱ፣ ግራ ዳር ያለው፣ ፍራንኮ አካባቢ የነበረ ሆቴል በኩል የተላከ ይመስለኛል። የዚያን ሰፈር የዕድር ዳኛ አውቃቸዋለሁ። የጀርባውን ፎቶ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ እሁድ ዕድር ስለሚሰበሰቡ እዚያው ሄጄ እጠይቅልሻለሁ።